ትከሻ ሲጠይቅ፣ ትከሻ ሲመልስ

ለንደን ውስጥ ኤንጅል ከሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ለመውጣት በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ካሉት ሁሉ ረጅሙን ተንቀሳቃሽ ደረጃ መያዝ ግድ ነው። 60 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጉልበታችንን ለሚያመን ሰዎች ቆሞ መውጣቱ እፎይታ ነው። ወደ ታች ለሚያይ ግን ራስ ያዞራል፤ መደገፊያውን ያዝ አድርጎ ሽቅብ ማየት ይሻላል። ከጣቢያው ወጥተው በዝግታ አሥር ደቂቃ ያህል ሲራመዱ ሮዝቤሪ አቬኑ ላይ ፊቱ መስታወት የሆነ ትልቅ ሕንፃ ያገኛሉ። ሳድለርስ ዌልስ ይባላል። የዳንስ ቲያትር ነው።

ስሙ በእኛ ቋንቋ «የሳድለር የውሃ ጉድጓዶች» እንደማለት ነው፤ ታሪኩም ለጤና ባለሙያ ጆሮ ይጥማል። በ1683 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ሳድለር የተባለ ሰው ግቢ ውስጥ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ተገኘ። ውሃው ማዕድን ያለበት ስለነበር ፈውስ ነው ተባለ፤ ሐኪሞች ሳይቀሩ ለታማሚዎቻቸው ያዙት ጀመር። ሕዝቡ ጎረፈ። ሳድለር ሙዚቃ ቤትም ነበረውና ውሃ ሊጠጣ የመጣው ሰው ሙዚቃና ትርዒትም እያየ ይውል ነበር። ከጊዜ በኋላ የውሃው ዝና ጠፋ፤ ትርዒቱ ግን ቀረ። አሁን ያለው ሕንፃ በ1998 የተከፈተ ሲሆን በዚያ ስፍራ ላይ ከተሠሩት ስድስተኛው ነው፤ 1,500 ያህል ተመልካች ይይዛል። ጉድጓዱ ዛሬም ከቤቱ ሥር አለ።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የእኛም ከተማ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወድደው አጠገቡ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ፈውስ ፍለጋ የሄደ ሰው ደግሞ ብቻውን አይቀመጥም፤ ጠበል ቦታም ሆነ ፍልውሃ የማይተዋወቅ ሰው ይተዋወቃል፣ ስንቅ ይካፈላል፣ አንዱ ለሌላው ተራ ይጠብቃል። ሮዝቤሪ አቬኑን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው ግን ውሃ ብቻ አይደለም። በ2009 ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እና አዲሱ ደምሴ የተባሉ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች በዚህ መድረክ ላይ «ዴስቲኖ» በተባለ ትርዒት ዳንሰዋል። ልጄን ልጠይቅ ለንደን በሄድኩበት ጊዜ ይህን ቤት ለማየት የፈለግሁትም ስለ እነርሱ ነው። ትርዒቱን አላየሁትም፤ ወደዚያ ያደረሳቸው መንገድ የተጀመረበትን ዓለም ግን በሥራዬ በቅርብ አውቀዋለሁ።

መንገዱ የሚጀምረው ከሕፃናት ሚዛን ላይ ነው። በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ የሠራን ነርሶች፣ መንታ የታቀፈች ድሃ እናት በር ላይ ስትታይ ልባችን ምን ይል እንደነበር እናስታውሳለን። መንታዎች ብዙ ጊዜ ቀናቸው ሳይደርስ ይወለዳሉ፤ ክብደታቸውም ከ2.5 ኪሎ በታች ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ የራሱን ሙቀት መጠበቅ ያቅተዋል፤ ጡት ለመሳብ አቅም ያንሰዋል፤ ትንሽ ኢንፌክሽንም ይጥለዋል። እናቲቱ ለሁለት ማጥባት አለባት፤ ለማጥባት ደግሞ መብላት አለባት፤ ለመብላት ሠርታ ማደር አለባት። አንድ ልጅ አዝሎ የሰው ልብስ ሲያጥቡ መዋል ይቻላል፤ ሁለት ግን አይታዘልም። ችግሩ ቋጠሮ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በመድኃኒት ብቻ አይፈታም።

እንግሊዛዊቷ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ ይህን ቋጠሮ አይተው በዚያው በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ መንታ ያላቸውን ድሃ ቤተሰቦች የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። ስሙንም ጀሚኒ አሉት፤ በላቲን «መንትዮች» ማለት ነው። ሕፃናቱን ከሞት ማትረፍ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ የተረፈ ሕፃን ሕፃን ሆኖ አይቀርም። አደጉ፤ እኛ በሚዛን ላይ ስንጨነቅላቸው የነበሩት ልጆች አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ሞላቸው። ያኔ ሌላ ጥያቄ መጣ። በሕይወት መትረፍ አንድ ነገር ነው፤ የምን ሰው፣ የማን ሰው ሆኖ መኖር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በመንገድ ላይ የሚውል ልጅ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ግን ማንም አይጠብቀውም። ቢመጣም ቢቀርም ልዩነት የለውም።

በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ መምህር አዲስ አበባ መጣ። ሰውዬው ራሱ በልጅነቱ በዳንስ ትምህርት ቤት ያደገ አይደለም፤ በእርሻ ሥራ ይተዳደር የነበረና ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ዳንስ የጀመረ ነው። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል «እገሌ ለዳንስ አይሆንም» የሚባል ነገር የማይቀበለው። ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ በጀርመናዊው ካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ላይ ትልቅ ትርዒት አሠራቸው። የማስተማር ዘዴውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በርሊን ውስጥ ከ250 ተማሪዎች ጋር ሲሠራ በተቀረጸው ዘጋቢ ፊልም ብዙ ሰው አይቶታል። ሽንገላ የለውም። መጀመሪያ የሚያስተምረው ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ መቆምን ነው። ሳቅና ሹክሹክታ የለም። ልጁ ድሃ ነው፣ ችግረኛ ነው ብሎ አይቀንስለትም፤ ከማንኛውም ዳንሰኛ የሚጠይቀውን ከእርሱም ይጠይቃል።

ወላጅ የሆነ ሰው ይህ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። በነርስነት ሙያ ያለፈ ሰው ግን ይገባዋል። የተሰበረ እግሩ የዳነ ልጅ «አይዞህ፣ ተኛ» ከሚለው ሰው ይልቅ «ተነስና ሁለት እርምጃ ሂድ» ከሚለው ሰው ጋር ነው መራመድ የሚጀምረው። አዘኔታ ልጁን ባለበት ያስቀምጠዋል። ከእርሱ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው ሲያገኝ ግን ይነሳል።

ከዚያ ትርዒት በኋላ ጥቂቶቹ ወጣቶች ለዓመታት የዘለቀ ሥልጠና ጀመሩ፤ ቡድኑም አዱኛ ተባለ። ትምህርቱ ዘመናዊ ዳንስ ብቻ ሳይሆን የአገር ቤት ጭፈራም ነበረው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ልጆቹ ባዶ እንስራ አልነበሩም። በአዲስ አበባ አንድ ሠርግ ላይ የተገኘ ልጅ በአንድ ምሽት የጎጃሙን ትከሻ፣ የጉራጌውን ፈጣን እግርና ጭብጨባ፣ የትግራዩን ከበሮ ዙሪያ መዞር፣ የኦሮሞውን የአንገት ጭፈራ፣ የወላይታውን ወገብ ሲያይ ያድጋል። ከማን እንደተማረው ሳያውቅ ይማረዋል። ይህች ከተማ ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጭፈራ የተማሩባት ስለሆነች፣ ልጆቿ ከሩቅ የመጣ እርምጃ አያስደነግጣቸውም።

ከሩቅ ሆኖ አብሮ የመሥራቱ ነገር እንዴት እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። ዳንስ እንደ መጽሐፍ ተልኮ አይነበብም። መምህሩ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ሳምንታት ያስተምራል፣ ይሄዳል። ያስተማረው ነገር ከዚያ ወዲያ የሚኖረው በተማሪው ገላ ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ ሦስተኛውን እርምጃ ቢረሳ ሌላው ያስታውሰዋል፤ አንዱ ቢቀር ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ከመምጣቱና ከመሄዱ ይልቅ ሥራውን የሚያጸናው በመካከል ያለው ጊዜ ነው። መምህሩ የሌለበት ማክሰኞና ረቡዕ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሰዓት ጠብቀው የሚለማመዱበት ጊዜ ማለቴ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ሁሉም ነገር የአንድ ሰሞን ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሌላም ሰው መጣ፤ አዳም ቤንጃሚን ይባላል። ይህ ሰው በ1991 ከሴሌስት ዳንደከር ጋር ለንደን ውስጥ ካንዱኮ የተባለውን የዳንስ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ዳንደከር ዳንሰኛ ሳለች በ1973 መድረክ ላይ ወድቃ በመጎዳቷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ሴት ናት። ቡድኑም አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች እኩል የሚደንሱበት ነው። ቤንጃሚን ይህንኑ ዕውቀት ለአዱኛ ልጆች አካፈለ፤ እነርሱም አካል ጉዳት ካለባቸው የአዲስ አበባ ወጣቶች ጋር አብረው ሠሩ። በፖሊዮ እግሩ የሰለለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባ የነበረበትን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች፣ ያ ልጅ በሕዝብ ፊት በክራንቹ ሲደንስና ሌላው ልጅ እርሱን ተደግፎ ሲሽከረከር ማየት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ክትባቱ ልጆችን ከበሽታው ያድናል፤ አስቀድሞ የታመመውን ልጅ ከጓዳ የሚያወጣው ግን ክትባት አይደለም።

መንገዱ በዚህ አላበቃም። በ2004 ጁናይድ ጀማል ሮሌክስ በሚደግፈው የመምህርና የደቀ መዝሙር መርሃ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው የዳንስ ጠቢብ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ። አዲስ አበባና ቶኪዮ ቋንቋም ምግብም አያገናኛቸውም። ሁለት ሰዎች እስትንፋስን፣ ዝግታንና ሚዛንን መነሻ አድርገው ሲሠሩ ግን ቋንቋው ከዚያው ከሥራው ይገኛል። አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ያያል፣ ይመልሳል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ወደ ኋላ የተመለሰው ስጦታ ነው። ማልዱምና አብረውት አዲስ አበባ የሠሩ ባልደረቦቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በኢትዮጵያ ያዩትን ይዘው ዳንስ ዩናይትድ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ይህ ድርጅት በሰሜን እንግሊዝ በብራድፎርድ ከተማ ሕግ ተላልፈው ከተያዙ ወጣቶች ጋር በዳንስ ሠርቷል። እንግዲህ አስቡት፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች የተፈተነ ነገር ለእንግሊዝ ልጆች መድኃኒት ሆኖ ሄደ። እርዳታ ሁልጊዜ ከዚያ ወደዚህ ብቻ እንደሚፈስ ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2009 በሳድለርስ ዌልስ የታየውም ይኸው ነው። ጁናይድና አዲሱ ከባለሙያ ኮሪዮግራፈሮች ጋር ሠርተው ብቻ አልተመለሱም፤ ዳንሰኛ ያልሆኑ ብዙ የለንደን ሰዎችም፣ ልጅ አዋቂ ሳይባል፣ ከእነርሱ ጋር መድረክ ላይ ወጡ። እንግዶቹ አዲስ አበቤዎች ለባለ አገሮቹ መሪ ሆኑ። «ዴስቲኖ» በጣሊያንኛም በስፓኒሽም እጣ ፈንታ ማለት ነው፤ ሁለቱ ልጆች በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ላቋቋሙት የዳንስ ቡድንም ያንኑ ስም ሰጡት።

ይህን ስጽፍ የወላጆች ጥያቄ ከጆሮዬ አይጠፋም። «ጭፈራ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳንስ ብዙውን ሰው አያበላም፤ ድጋፍ የሚሰጥ ሲቆም ልምምዱም ይቆማል፤ ቪዛ ሲከለከል የአንድ ዓመት ድካም ኤምባሲ በር ላይ ይቀራል። ቪዛ ምን እንደሆነ ደግሞ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች መንገር አያስፈልገኝም፤ የልጅ ልጁን ክርስትና በስልክ ያየ አያት ብዙ ነው። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ያገኙት ነገር ከእንጀራ በፊት የሚመጣ ይመስለኛል። ሰዓት ሲደርስ የሚጠብቃቸው ሰው አገኙ። ሲቀሩ ቦታቸው ባዶ መሆኑ የሚታወቅ ሆኑ። የአንድ ቦታ ሰው፣ የአንድ ወገን ሰው መሆን ማለት እኔ እስከገባኝ ድረስ ይህ ነው፤ በመታወቂያ የሚሰጥ አይደለም። እስክስታን ብቻ ብናይ ይበቃል። አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ያ ጥያቄ ነው። ሌላው አይቶ በራሱ ትከሻ ይመልሳል። መልስ ያጣ ትከሻ ወዲያው ይበርዳል።

ወደ ሮዝቤሪ አቬኑ እንመለስና፣ በዚያ ቤት ለእኛ ዕድሜ የሚሆንም ነገር አለ። ሳድለርስ ዌልስ ከ1989 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች ብቻ የሚደንሱበት ቡድን አለው። ባለሙያዎች አይደሉም፤ ጡረተኞችና አያቶች ናቸው። ይለማመዳሉ፣ በሕዝብ ፊት ይቀርባሉ። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ነርስ ነው። በእርጅና ጊዜ ብዙ ሰው የሚጎዳው በመውደቅ ነው፤ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ በኋላ አልጋ ላይ መዋል ሌላ በሽታ ይጠራል። እግርን የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ደግሞ ከመውደቅ ይጠብቃል። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። እነዚያ አዛውንቶችም እንደ አዲስ አበባዎቹ ልጆች ሰዓት ሲደርስ የሚጠበቁ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ አካባቢ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከኪንግስ ክሮስ ጀርባ ባለው የካሌዶኒያን ጎዳና፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ ቁጭ ብሎ ቡና የጠጣ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ትውልድ ያያል። አያት በአማርኛ ትናገራለች፤ ልጇ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትመልሳለች፤ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ይናገራል። ሙዚቃ ሲከፈት ግን የሕፃኑ ትከሻ መነቅነቅ ይጀምራል፤ አያቲቱም ታያለች። አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ይህን ካየሁ በኋላ ወደ አገሬ ስመለስ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። ቅዳሜ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ለንደን 8 ሰዓት ይሆናል፣ በበጋቸው 9 ሰዓት። በቪዲዮ አብሮ መጨፈር እንደማይቻል ወዲያው ታወቀን፤ ድምፅ በመንገድ ላይ ጥቂት ስለሚዘገይ የእኔ ከበሮና የእርሱ ጭብጨባ አይገጥሙም። ስለዚህ ተራ አደረግነው። እኔ አንድ የትከሻ ምት አሳያለሁ፤ እርሱ ያያል፣ ይመልሳል። ከዚያ እርሱ ከትምህርት ቤት ያመጣውን የእግር ጨዋታ ያሳየኛል፤ ወንበር ተደግፌ እሞክራለሁ። ሳምንቱን ሁለታችንም እንለማመዳለን። ለወትሮው «ደህና ነህ?» «ደህና» ብለን በሁለት ደቂቃ ያልቅ የነበረው ወሬ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። «አያቴ፣ የባለፈውን ረሳሽው እንዴ?» ይለኛል። ቆጣ ብሎ ነው የሚለኝ። ቁጣው ደስ ይለኛል፤ ከእኔ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ያሳያልና።

አበው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሌሊት ሲያምም በር የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው። ነገር ግን የአዱኛ ልጆች ታሪክ የሚነግረን ርቀት ብቻውን ዝምድናን እንደማይበጥስ ነው። ዝምድና የሚበጠሰው አንዱ ወገን ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሲሆን ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን ገንዘብ ይልካሉ፤ እኛ እንመርቃለን። ገንዘቡም ምርቃቱም መልካም ነው። የልጅ ልጆቻችን ግን ገንዘብ ላኪም ምርቃት ጠያቂም አይደሉም። እነርሱ ገና ከማን ወገን እንደሆኑ እየፈለጉ ያሉ ልጆች ናቸው። የሚያስፈልጋቸው የሚሠሩትን የሚያይና የሚመልስላቸው ሰው ነው።

ለዚህ ደግሞ መድረክም ቪዛም አያስፈልግም። መጨፈር የማይሆንለት ቤት የእንዝርት አያያዝ፣ የቡና ቁላት፣ የገበጣ ጨዋታ ይኖረዋል፤ ሳምንት ጠብቆ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ማንኛውም ነገር ይሆናል። ልምምዱ በሁለቱም በኩል ይሁን እንጂ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩ ሲነሳ «በልተሃል?» ብለን ከጠየቅን በኋላ አንድ ነገር እናሳየው። ከዚያ ዝም ብለን፣ ቀጥ ብለን፣ መልሱን እንጠብቅ።